መጽሐፉ የልጆች ከሆነ ምርጫው የማን ነው?

በአንድ የሰፈር የልጆች ንባብ ክፍል ውስጥ በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ባዶ ወረቀት ይለጠፋል። ከስምንት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው አንባቢዎች መጽሐፉን ሲመልሱ የወደዱትንና የጠሉትን ይጽፉበታል፤ ቀጥሎ የሚዋሰው ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ይህንኑ ነው። አሁን የተነሣው ጥያቄ፣ ክፍሉ በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛቸውን መጻሕፍት እነዚህ አስተያየቶች ይወስኑ ወይስ አይወስኑ የሚል ነው። የንባብ ክፍሉ ኃላፊ ይወስኑ ባይ ናቸው። አማርኛ ለረጅም ዘመን ያስተማሩትና ዛሬ የልጆች መጻሕፍት አርታኢ የሆኑት መምህር ደግሞ ይቃወማሉ። ሁለቱም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ተለዋውጠዋል።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ

ነገሬን ከተረት ልጀምር። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ካሉ በኋላ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱ ድረስ ወደ ታሪኩ አይገቡም ነበር። ልጁ ካንቀላፋ ጅቡን ያስጮኹታል፤ ከፈራ ደግሞ ጦጣዋን ከተራዋ ቀደም አድርገው ያመጧታል። ታሪኩ የአድማጩ ፊት እየታየ የሚታረም ነበር ማለት ነው። መጽሐፍ ሲመጣ ይህ ምልልስ ተቋረጠ። ጸሐፊው ልጁን አያየውም፤ አሳታሚው የሚሸጠው ለወላጅ ነው፤ ወላጅም የሚገዛው ሽፋኑንና «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚለውን የመጨረሻ ገጽ አይቶ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ አባት በራሱ ናፍቆት ተገፋፍቶ ጎጆና አህያ የተሣለበትን መጽሐፍ ይገዛል፣ ጎጆ አይቶ የማያውቀው ልጁ ግን ምን እንደ ተሰማው የሚጠይቀው የለም።

ልጆች «አሪፍ ነው» ከማለት በቀር ምን ይጽፋሉ የሚሉኝ ሰዎች ወረቀቶቹን ያላነበቡ ናቸው። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ከዚያች ቃል እንደማያልፉ አልክድም። የቀሩት ግን እኔ ዐዋቂዋ የማላየውን ያሳዩኛል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸል የሚተርክ መጽሐፍ ያቋረጠችበትን ገጽ ቁጥር ብቻ ጽፋ ሄደች። ገጹን ስገልጠው አንዱ ዓረፍተ ነገር ስድስት መስመር ይዟል፤ ጥንቸሏ በመጀመሪያው መስመር ላይ አለች፣ ግሱ ግን በስድስተኛው ነው። በአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ገና ቃል በቃል እየለቀመች ለምታነብ ልጅ ጥንቸሏ ምን እንዳደረገች ሳይታወቅ መንገድ ላይ ትጠፋለች። ሌላ ልጅ ደግሞ የአንድ ተረት መጨረሻ ውሸት ነው ብሎ ጻፈ። ጠርቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ሳደርግ «ጅቡ ይበላል» የሚለውን «በ»ን አጥብቆ ያነበዋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ፣ ልጁ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጅቡ የሚበላበትን ሳይሆን ጅቡን የሚበሉበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። እኛ በልማድ ስለምናነብ እንዲህ ያለውን እንቅፋት አናየውም።

ይህ የእኛ ክፍል ፈሊጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 የለንደኑ አሳታሚ ስታንሊ አንዊን የቶልኪንን «ዘ ሆቢት» ረቂቅ ለዐሥር ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጥቶ አስተያየቱን በጽሑፍ ተቀብሏል፤ የአንባቢው ክፍያም አንድ ሽልንግ ነበር። ልጁ መጽሐፉ ጥሩ ነው አለ፤ በዓመቱም ታተመ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረውን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማታቸውን ለዐዋቂ ተቺዎች ብቻ አልተዉትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ከንባብ ክበባት የተውጣጡ ወጣቶች የራሳቸውን ዕጩዎች መርጠው የራሳቸውን ሽልማት ይሰጣሉ። ኔዘርላንድስ ልጆችን ዳኛ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ነው። የእኛ ተወላጆች ልጆችም በሚማሩባቸው የእስራኤል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከቀረበላቸው ዝርዝር አንብበው ለወደዱት መጽሐፍ ድምፅ ይሰጣሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ነው። ለእርሱ ዕድሜ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ ልቦለድ በመደርደሪያችን ላይ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ልጆቻችን ከጦጣና ከቀበሮ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ዐዋቂዎች ልቦለድ ይዘላሉ፤ በመካከል የሚረግጡት ድልድይ የለም። ጎረምሶቹ በወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ቅሬታ በአብዛኛው ስለዚሁ ጉድለት ነው። ማንም ልጅ እንዲህ አይናገርም፣ ይህች ልጅ ለምን አትናደድም፣ መጨረሻው ላይ ያለው ምክር ለምን ተጨመረ ይላሉ። ይህን ሰምተን ግዢያችንን ካላስተካከልን ጽሑፉን ለምን እንደምንሰበስብ አላውቅም።

መምህሩ

እኅቴ በተረት ስለገቡ እኔም በዚያው በር ልግባ። ልጆቹ «የላም በረት» ይሉ ነበር እንጂ የትኛው ተረት ይነገር ብለው ድምፅ ሲሰጡ አልሰማሁም። ተረቱን የምትመርጠው አያት ነበረች፤ የምትመርጠውም ልጆቹ ገና የማያውቁትን ነገር ስለምታውቅ ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ በቴሌቪዥን ያሳደጉን አባባ ተስፋዬም የልጆቹን ሣቅ ያዳምጡ ነበር እንጂ ተረቱን አስመርጠው አያውቁም።

ስለ ጥንቸሏ ዓረፍተ ነገርና ስለ ጅቡ የጻፉትን በምስጋና እቀበላለሁ፤ ለአርታኢ ይህ ወርቅ ነው። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ አስተያየት የሚጠቅመው ከኅትመት በፊት፣ ረቂቁ በእጃችን ሳለ ነው። ስድስት መስመር የያዘውን ዓረፍተ ነገር ለሦስት ለመክፈል መጽሐፉን ከመደርደሪያ ማውረድ አያስፈልግም። እኅቴ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርገዋል፤ ልጁ የደረሰበትን መመስከሩ አንድ ነገር ነው፣ ስለ መጽሐፉ መፍረዱ ሌላ ነው።

ያነሡትን የሬይነርን ጽሑፍ ጨርሰው ቢያነቡት እኔን የሚደግፍ ሆኖ ባገኙት ነበር። ልጁ መጽሐፉ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች እንደሚስማማ ነው የጻፈው። የዐሥር ዓመት ሰው ከእርሱ የሚያንሱትን በዚህ ዓይነት ትልቅነት ማየቱ ፈገግ ያሰኛል። ዳሩ ግን መደርደሪያችንን በእርሱ ቃል ብናደራጅ ኖሮ፣ የዓለም ጎረምሶችና ጎልማሶች ሲቀባበሉት የኖሩትን መጽሐፍ ከሕፃናቱ ጥግ አናወጣውም ነበር። ይታተም የሚለውንም የመጨረሻ ቃል የተናገረው ሽልንግ ከፋዩ አባት ነው። ጀርመኖቹም ቢሆኑ የወጣቶቹን ዳኝነት ከተቺዎቹ ጎን አቆሙት እንጂ በቦታቸው አልተኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ወር ንባብ ክፍላችሁ ተቀምጬ የውሰት መዝገቡን ሳገላብጥ፣ እናቷ ስለ ሞተባት ልጅ የሚተርክ አንድ መጽሐፍ አየሁ። በወረቀቱ ላይ አራት ልጆች ይደብራል፣ ያስጠላል ብለው ጽፈዋል። በእኅቴ ሐሳብ ብንሄድ ይህ መጽሐፍ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ አይኖረውም። መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ልጅ በአንድ መንፈቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተውሳዋለች፤ በወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፈችም። እናቷን አጥታ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅም የሚገባኝ አይመስለኝም። ወረቀቱ የሚሰማው የሚናገሩትን ነው፤ ንባብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ዝም ለሚለው ልጅ ነው።

የሚናገሩትም ቢሆኑ ሁልጊዜ የራሳቸውን አይናገሩም። በእነዚያ አራት አስተያየቶች ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ «ይደብራል» አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃሉን ሳይለውጡ ደገሙት። በክፍል ውስጥ ስሙ የገነነ ልጅ ቀድሞ ከጻፈ የሌሎቹ እጅ እርሱን ተከትሎ ይሄዳል። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ከእኔ መስማት አያሻውም።

ደግሞ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ነገር ሊጠይቅ አይችልም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አለመኖሩን ያስተዋሉት ልጆች በፊርማ ስለ ጠየቋቸው አልነበረም። ጉድለቱን ያየ ዐዋቂ ነበር፤ ሾላ ያለው የልጆች ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው፣ በአህያ የሚጎተተውም ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አዋሳ ላይ ልጆች የከበቡት በዚያ ዐዋቂ ዓይን ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻ እያነበበ የሚያድገውን የከተማ ልጅ የአማርኛ መጽሐፍ ምረጥ ብትሉት የሚመዝንበት ሚዛን ከውጭ የመጣ ነው፤ ሥዕሉ አያንጸባርቅም፣ ወረቀቱ ሳስቷል ብሎ ይጥለዋል።

የአደባባይ ፍርድ ምን ያህል ጥድፊያ እንዳለበትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አሜሊ ዌን ዣኦ የተባለች የወጣቶች ልቦለድ ደራሲ፣ መጽሐፏ ገና ሳይታተም በተነሣባት የማኅበራዊ ሚዲያ ውግዘት የተነሣ ኅትመቱ እንዲቆም ጠይቃለች፤ መጽሐፉ የወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ካወገዙት ብዙዎቹ ሊያነቡት የማይችሉት መጽሐፍ ነበር። በአገራችን ለልጆች የሚጽፈው ሰው ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ዶፍ ቢወርድበት ተመልሶ የሚጽፍ አይመስለኝም።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ

መምህር ስለ ዝምተኛዋ ልጅ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እውነትዎን ነው፤ የውሰት መዝገቡን እንደ አስተያየት አለመቁጠሬ ስሕተት ነበር፤ ከእንግዲህ እቆጥረዋለሁ። ነገር ግን ያ መጽሐፍ እንዴት ወደ ክፍሉ እንደ ገባ ልንገርዎት። በስጦታ ከመጣ ካርቶን ውስጥ ነው የወጣው። ለግዢ በቀረበ ጊዜ ከዐዋቂዎች የተቋቋመው ኮሚቴ ለልጅ ሐዘን አይሰጥም ብሎ ሰርዞት ነበር። ያቺን ልጅ ከአራቱ ተቺዎች የሚጠብቃት ዐዋቂ ነው የሚሉት እርስዎ፣ ከዐዋቂዎቹ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው መጻፉን አልክድም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ወረቀቱ መጽሐፉ ላይ መለጠፉ ቀርቶ በሣጥን ይግባ፤ መጽሐፉ ሲመለስ ይጻፍ እንጂ ሲወሰድ አይነበብ። በ2019ኙ ውግዘት ደግሞ ጸሐፊዎችና ዐዋቂ አንባቢዎችም ነበሩበት፤ የእነርሱን ጥፋት በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አይጫኑ። የእኔ ልጆች መጽሐፉን ሳይመልሱ አይጽፉም። አንብቦ መናደድ ከጥሩ አንባቢ የሚጠበቅ ነው።

ወረቀቱ ሳስቷል የሚለው ልጅ ግን ለምን እንዳስቀየመዎት አልገባኝም። ወረቀቱ እኮ ሳስቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገጹ ይገነጠላል፤ ልጁ የተናገረው አሳታሚው መስማት ያለበትን ነው። አማርኛ መጽሐፍ አይወድም ብለን ልጁን ከመውቀሳችን በፊት፣ የምንሰጠው መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል በእርሱ ዓይን ማየት አይከፋም።

መምህሩ

የኮሚቴውን ነገር አላወቅሁም ነበር፤ አፍሬያለሁ። እንደዚያ ያለ ኮሚቴ ለልጆቹ ቆሟል ልል አልችልም።

ሆኖም ያለኝን ነጥብ አልለቅም። አንድ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገዛ ውሳኔው በወረቀት ቆጠራ ሊሆን አይገባም፤ ማንም ያላነበበውን መጽሐፍ የሚደግፍለት ወረቀት የለምና። ልጆቹ የሚወስኑት የትኛው መጽሐፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ይገዛለት የሚለውን ይሁን፤ በዚያ ላይ እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ። አንድ ልጅ እንኳ በተደጋጋሚ የተዋሰው መጽሐፍ ደግሞ ወረቀቱ ምንም ቢል አይውረድ። በሣጥን የሚገባውም ጽሑፍ ስም አይኑርበት፤ ፎቶ እየተነሣም በቴሌግራም አይለጠፍ። ልጅ በዐሥር ዓመቱ የጻፈው ነገር በሃያ ዓመቱ እየተከተለው ሊያሳፍረው አይገባም።

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ

ስሙ ይቅር፣ ፎቶውም ይቅር። የሁለተኛ ቅጂውንም ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ግን ለመጀመሪያው ግዢ በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ልጆች ይቀመጡ። ድምፃቸው ከእኛ እኩል ይቆጠር፤ የተሰረዘውንም ዝርዝር ከነምክንያቱ ይዩት። ሐዘን ለልጅ አይሰጥም የሚል ሰው በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት ተቀምጦ ይበለው።

መምህሩ

ሁለቱ ልጆች እንዲቀመጡ እስማማለሁ። ነገር ግን ሁለቱንም አስተያየት ከሚጽፉት ልጆች መካከል አይምረጧቸው፤ አንዷ ያቺ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ የተዋሰችው ትሁን፣ ፈቃዷ ከሆነ። በስብሰባው ላይ አንድም ቃል ባትናገር ማንም አያስገድዳት።