ሙዚቃውን ለአምስት ደቂቃ

ወገኖቼ፣ ብዙ ነገር አይቼ "ምን ይደረግ" ብዬ አልፌያለሁ። ይህን ግን ማለፍ አቃተኝ። በአበባና በመብራት ባሸበረቀ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ የአንድ የሁለት ዓመት ሕፃን የመስሚያ መሣሪያዎች ለፎቶግራፍ ሲባል ከጆሮዎቹ ተነቅለው፣ በሶፍት ተጠቅልለው፣ ከተረፈ ምግብ ጋር ወደ ቆሻሻ ከረጢት ገቡ። ያደረገው ሌባ አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። ያደረግነው እኛ ነን፤ ዘመድ ወዳጅ ተብለን የተጠራነው፣ ልጁን "የኔ ቆንጆ" እያልን ጉንጩን ስንስም ያመሸነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ጥፋታችን የጀመረው በሠርጉ ዕለት አይደለምና። ልጁ ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም ነበር። በር ሲላተም አይደነግጥም። እናቱን ፊት ለፊት ሲያያት ይፍለቀለቃል፤ ከኋላው ስትመጣ ግን መምጣቷን አያውቅም። ይህን ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት። ስትነግረን "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" አልናት። አጎቱም እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም አልናት። እንኳንም ምክራችንን እስከ መጨረሻው አልሰማች! ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ልጁ እንቅልፍ ላይ ሳለ በግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ትናንሽ ገመዶች ተለጠፉበት፤ ድምፅ ሲሰጠው አንጎሉ የሚመልሰው ምላሽ በኮምፒውተር ታየ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ከውስጥ፣ በመድኃኒት በማይመለስ ሁኔታ ተጎድተዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕፃን እስከ 1 ወሩ እንዲፈተሽ፣ እስከ 3 ወሩ ችግሩ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ እስከ 6 ወሩ እርዳታ እንዲጀመርለት ነው። ለዚህ ልጅ የተደረሰለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ያለፉትን ወራት የበላቸው የእኛ ማጽናኛ ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡ ጉዳይ መጣ። እናትየው የሁለቱን መስሚያዎች ፕሮፎርማ ይዛ ዘመድ ሰበሰበች። ስማችሁን አልጠራም፤ የተናገራችሁትን ግን ታስታውሱታላችሁ።

አንዱ "ሁለት ምን ያደርግለታል? ለጊዜው አንድ ይበቃዋል" አለ። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለት ጆሮዎቹ እያመዛዘነ ነው፤ በጫጫታ መሀል የሚያናግረውን ሰው ለይቶ የሚሰማውም እንደዚሁ ነው። መንገድ ዳር የሚሮጥ ሕፃን መኪናው በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ አያስፈልገውም ማለታችሁ ነበር? ሌላዋ "ጆሮ ውስጥ ገብታ የማትታየዋን ትንሿን ግዢለት" አለች። የሕፃን ጆሮ ያድጋል። ለሕፃን ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ዋናው መሣሪያ እንዳለ ሆኖ በጆሮው ልክ የሚቀረጸው ለስላሳ መሰኪያ ብቻ በየጥቂት ወሩ ይቀየርለታል። መሰኪያው ሲጠብ ያቆስለዋል፤ ሲሰፋ ድምፅ እያፈሰሰ ያፏጫል። ስለዚህ ወጪው አንድ ጊዜ ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም፤ መሰኪያ አለ፣ ባትሪ አለ፣ በየጊዜው ማስተካከያ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ "ኢንተርኔት ላይ በአንድ አሥረኛ ዋጋ ይሸጣል" ብሎ አሳያት።

ያ ያሳያት ድምፅ ማጉያ ነው፤ ያገኘውን ድምፅ ሁሉ በጅምላ ያጮኻል። የልጁ መሣሪያ ግን በምርመራው ውጤት መሠረት የትኛውን ድምፅ ምን ያህል ማጉላት እንዳለበት አንድ በአንድ ይስተካከላል። በትንሿ የጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ድምፁ ምን ያህል እንደሚደርስ በቀጭን ቱቦ ይለካል፤ የተረፈውን መስማት እንዳይጎዳበትም ጣሪያ ይበጅለታል። ውድ የሆነው ሁሉ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ እናትየውም አላለችም። ለአዋቂ ተብሎ የተጨመረውን ብዙ ጌጥ ትታ ለልጅ የሚያስፈልገውን ነው የመረጠችው፦ እርጥበትና አቧራ የሚቋቋም፣ የልጁ መስማት ቢቀንስ ኃይሉን ከፍ ለማድረግ ቦታ ያለው፣ የባትሪው በር የሚቆለፍ። ባትሪዋ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፤ ሕፃን ከዋጣት አደጋ ናት። በሩ ያለ ልዩ መክፈቻ እንዳይከፈት የተደረገው ለዚህ ነው። ይህን ቁልፍ አስታውሱት።

ምክሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ገንዘቡን በተመለከተ ግን "ሲደርስ እናያለን" ተባለ። እሷ ያላትን ሸጣ፣ የጎደለውን ተበድራ ሁለቱንም ገዛች። ብዙም ሳይቆይ የሠርጉ መዋጮ ሲጠየቅ፣ እጄ አጥሮኛል ያለው ሁሉ እጁ ረዘመ። አልዋሽም፣ ያን ቀን አፈርኩባችሁ።

እንግዲህ ሠርጉ። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሊነሳ ሲል እናትየው አጠገቡ አልነበረችም። ከአክስቶቹ አንዷ ልጁን አቅፋ ወደ መድረኩ ወጣች። "ይህ ነገር ፎቶ ላይ ያስጠላል" አለችና ሰማያዊዎቹን መሰኪያዎች ከጆሮዎቹ ሳበቻቸው። መሣሪያዎቹ እንዳይጠፉ እያንዳንዳቸው በክር ከኮሌታው ጋር ተያይዘው ነበር፤ ማያያዣዎቹንም ፈታቻቸው። ልትዘጋቸው ሞከረች፤ የሚዘጉት የባትሪው በር ሲከፈት ነው፣ በሩ ግን አልከፈት አላት። ስለዚህ እንደበሩ እያንዳንዳቸውን በሶፍት ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸውና ለካሜራው ፈገግ አለች። የራሷን መነጽር ግን አላወለቀችም፤ ፎቶው ላይ ይታያል።

የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ይህ መሣሪያ ሳይዘጋ ከጆሮ ወጥቶ ሲታፈን፣ የሚያወጣው ድምፅ ተመልሶ በራሱ ማይክሮፎን ይገባና ያፏጫል። እነዚያም አፏጩ። ከጠረጴዛው ሰዎች አንዱ "እዚህ ምንድን ነው ሲር ሲር የሚለው?" ብሎ መጠየቁን በኋላ ነው የሰማነው። ጠይቆ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አስተናጋጁ ሳህኖቹን ሲያነሳ ሶፍቶቹን ከትራፊው ጋር ጠረጋቸው። በእሱ አልፈርድም፤ በተጨማደደ ሶፍት ውስጥ የሕፃን መስሚያ አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እናትየው ስትመጣ ልጁ ፊቷን እያየ ባዶ ጆሮውን ይነካካል። ነገሩ ወዲያው ገባት። ከረጢቶቹ በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቆልለዋል። አልጮኸችም፣ ማንንም አልተሳደበችም። "እያፏጩ ነው፤ ዝም ካልን እንሰማቸዋለን" አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በትክክል ያሰበችው እሷ ብቻ ነበረች። ወደ ሙዚቀኞቹ ሄዳ "እባካችሁ ለአምስት ደቂቃ ብቻ አቁሙልኝ፤ የልጄን መስሚያ ልፈልግበት" ብላ ለመነች። ሙዚቀኛው አስተባባሪውን አየ። አስተባባሪው አንድ ትልቅ ሰው አየ። ትልቁም ሰው "ልጄ፣ የሰው ደስታ አታቋርጪ፤ ነገ ይፈለጋል" አሉ። በዙሪያቸው የቆሙት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ከበፊቱ ይጮኽ ነበር።

ነገ! ነገማ ከረጢቱ ተጭኖ ይሄዳል፤ ባትሪውም ውሎ አድሮ ያልቃል፤ ፉጨቱም ይጠፋል። ወገኖቼ፣ ልቤን የሰበረው የአክስትየዋ ድርጊት አይደለም። የእሷ ድንቁርና ነው፤ ድንቁርና ይማራል። እኔን የገደለኝ፣ አንድ ሙሉ አዳራሽ ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ለአንድ መስማት ለተሳነው ሕፃን አምስት ደቂቃ ዝምታ መንፈጉ ነው። ከኪሳችን ምንም አይወጣም ነበር። ወጪ የሌለበትን ነገር ነው የከለከልነው።

አንተስ የት ነበርክ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከረጢቶቹ ዘንድ ነበርኩ። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ እነማን እንዳልነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ ለማለት ነው። ሁለት አስተናጋጆችና አንዲት ዕቃ አጣቢ ነበሩ፤ ከዘመድ ግን የመጣው በጣት የሚቆጠር ነው። እናትየው በሠርግ ልብሷ ተንበርክካ ከረጢት ከፍታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች፤ ባሱ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። በሁለት ዘፈኖች መካከል ሙዚቀኛው ውኃ ሊጠጣ ትንፋሽ ሲወስድ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። የግራው ተገኘ። መሰኪያው በቅባት ተለውሷል፣ መሣሪያው ግን ይሠራል። የቀኙ አልተገኘም። እስከ ሌሊት ድረስ እያንዳንዱን ሶፍት ፈታን። ቀደም ብለው የተጫኑ ከረጢቶች ነበሩ፤ ከእነዚያ በአንዱ ሄዷል።

በሩ ላይ ስትወጣ ምን እንዳላችኋት ልድገምላችሁ? "ዕቃ ነው፤ ይተካል። ዋናው ልጁ ደህና መሆኑ ነው።" ማን ነው የሚተካው? "ሲደርስ እናያለን" ያላችሁት እናንተ? ዋስትናው ብልሽትን ይሸፍናል እንጂ መጥፋትን አይሸፍንም። ዕዳዋም ገና አላለቀም።

ልጁ ደህና ነው ላላችሁት፣ ደህንነቱ ይህን ይመስላል። እናቱ በየማለዳው ከኋላው ቆማ፣ አፏን እንዳያይ አድርጋ ስድስት ድምፆች ታሰማዋለች፦ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ድምፅ የሚወክሉ ናቸው፤ በየትም አገር ያሉ ባለሙያዎች ይጠቀሙባቸዋል። ልጁ በሰማ ቁጥር አንዲት ኩብ ወደ ሳጥን ይጥላል። ከሠርጉ በፊት "ስ" ስትለው እንኳ፣ ከሁሉ ቀጭኗንና አስቸጋሪዋን፣ ኩቧን ጥሎ እሷ ወዳለችበት ይዞር ነበር። አሁን ስድስቱንም በግራው ይሰማል። ግን ከቀኝ ብትጠራው ወደ ግራ ይዞራል። ከኋላ ብትጠራውም ወደ ግራ። በሌለችበት በኩል ይፈልጋትና ግራ ይጋባል። እኔ ይህን ቆሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነው አትበሉኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ሕክምናና እገዛ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ከእነዚህ 34 ሚሊዮኑ ልጆች ናቸው። መሣሪያ ከሚጠቅማቸው ሰዎች መካከል የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ገንዘብ አንዱ ምክንያት ነው፤ ትልቅ ምክንያት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ገንዘቡ ከተገኘ በኋላስ? ተገዝቶ በመሳቢያ የሚቀመጥ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወልቅ፣ "ይለምድበታል" ተብሎ የሚከለከል ስንት አለ? ብዙዎቹ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደተደረጉ ይመዘግባሉ። ባለሙያው ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው ወላጅ አንገቱን ይደፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያስወለቀው ወላጁ አይደለም፣ የሰው ዓይን ነው። የእኛ ዓይን።

ለሁሉም ልጅ መሣሪያው ብቻ ይበቃዋል አልልም። በውስጥ ጆሮ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያ የሚያስፈልገው አለ፤ የምልክት ቋንቋ የሚያሳድገውም አለ፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚሄድም ሞልቷል። ይህ የወላጅና የባለሙያ ጉዳይ ነው። የእኛ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ያነሰውንም አልተወጣነውም። ከሕፃን ጆሮ ላይ ምንም አትንቀሉ። ልጁን ስታቅፉት ቢያፏጭ አትደንግጡ፤ ክንዳችሁ ስላፈነው ነው፣ ራቅ ስትሉ ይተወዋል። "ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ እናቱን በሰው ፊት አታሳቅቋት። ስታናግሩት ቀረብ በሉ፣ ፊታችሁን አሳዩት። ጩኸት አያስፈልግም።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ ደክሞኛል። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ተስፋ አልቆረጥኩም። ከሠርጉ በኋላ ለእናትየው ከደወሉላት ብዙዎቹ ሊያጽናኗት ነው የደወሉት። አንዲት ሴት ብቻ፣ ያውም የሩቅ ዘመድ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም "ስንት ጎደለሽ?" አለቻት። ከእሷ በኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይህንኑ ጠይቀዋል። አስተናጋጁም የድርሻዬን ልክፈል ብሎ መጥቶ ነበር፤ አልተቀበለችውም። አክስትየዋ እስካሁን አልደወለችም፤ ትደውል ይሆናል።

የቀኙ መሣሪያ አዲስ ፕሮፎርማ ወጥቷል፤ ዋጋው ሳይለወጥ የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። የግራውም መሰኪያ እየጠበበው ስለሆነ አብሮ ይቀረጽለታል። መክፈል የምትችሉ ቤቷን ታውቁታላችሁ፤ ትንሽም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ምክር ያላችሁ ግን እዚያው ቤታችሁ አስቀምጡት።