የአካባቢ ሳይንስ ከክፍል ይውጣ

ሁለተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «የዕፅዋት ክፍሎች ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ናቸው» እያለ ሲሸመድድ ሰማሁት። አንዲትም አልሳተ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሳለም ወይራ አሳየሁትና «ይሄ ምንድን ነው?» አልሁት። «ዛፍ» አለኝ። ጽዱንም «ዛፍ» አለኝ። የወይራውን ቅጠል ገልብጬ ከሥሩ ወርቅማ መሆኑን ሳሳየው ግን የሌላውንም ሊገለብጥ ሮጠ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ትምህርቱ ስለ አካባቢ ሆኖ ሳለ ልጆቹ አካባቢውን የሚያዩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ያውም በጎንደር! ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ሥራቸው ግንቡን እንደ ጣት ጨብጦት ይታያል። እዚያ የቆመ ልጅ ሥር ምን እንደሚሠራ ማን ያስረዳው?

አንገረብም አለልን። ከተማችን የምትጠጣበት ይህ ግድብ ከዙሪያው ተዳፋት በጎርፍ በሚወርድ ደለል እየተሞላ ውኃ የሚይዝበት ቦታ ጠቧል። ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ ልጆቻችን ምክንያቱን ሊያውቁት ይገባል። እኔ ከልጄና ከጎረቤት ልጆች ጋር በጓሮ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ሃይላንድ ጎናቸውን ቀደድንና አንዱን ባዶ አፈር፣ ሌላውን ከነአፈሩ የተነሣ ሣር ሞላንበት። ዘንበል አድርገን በጣሳ ውኃ አፈሰስንባቸው። ከባዶው አፈር የወረደው እንደ አተላ ደፈረሰ፤ ከሣሩ የወረደው ጠራ ያለ ነበር። አንዷ ልጅ «ሣሩ ወንፊት ነዋ!» አለች። ደለል የሚለውን ቃል የነገርኋት ከዚያ በኋላ ነው።

«ስልሳ ልጅ ይዞ ማን ይወጣል?» የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። በዚህ ጊዜ ልጁ ከትምህርት ቤት እንዲርቅ የሚፈልግ ወላጅም የለም፤ እኔም አልፈልግም። ስለዚህ ሰሜን ተራሮች ሄደው ዋልያ ይዩ አላልሁም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ እያገዘ ይማሩ ነው የምለው።

ችግኙንም እናስብ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ እንተክላለን፤ ክረምት ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ችግኝ የሚሞተው በበጋ፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ባሉበት ወራት ነው። ለሦስት ለአራት ልጅ አንድ ችግኝ ይሰጥ፤ ውኃ ያጠጡት፣ በየወሩ በክር ይለኩት፣ ከጠወለገም ለምን እንደጠወለገ አፈሩን ጭረው ይዩ።

ተራ ከወጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ለእኔ ስጡኝ። ሁለቱ ሃይላንዶች ከነአፈራቸው ጓሮ ተቀምጠዋል።