ማይኩ በማን እጅ ነው?

ቃል አቀባዩ መግለጫውን አንብቦ ይጨርሳል። «ጊዜ ስለሌለን ሦስት ጥያቄ ብቻ» ይላል። ሦስቱም አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ የቀለለውን መርጦ በሰፊው ያብራራል፣ ሁለተኛውን ነካ አድርጎ ያልፋል፣ ሦስተኛውን ይዘለዋል። «ያኛውስ?» የሚል የለም። ማታ ዜናው «ገለጹ» ተብሎ ይወጣል።

እንዲህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ቃል አቀባዩ ላይ ነው። እኔ ግን ብዙም አልፈርድበትም። ደመወዝ የሚበላው የአለቆቹን ቃል ሊያደርስ እንጂ ገመናቸውን ሊያወጣ አይደለም። ጥያቄ ተሰብስቦ እንዲመለስ ዝም ብለው የፈቀዱት ጋዜጠኞቹ ናቸው።

ሌላ አሠራር አለ። ጀርመን ውስጥ «ቡንደስፕሬሰኮንፈረንዝ» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ የጋዜጠኞች ማኅበር አለ። የመንግሥትና የሚኒስቴሮች ቃል አቀባዮች በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ይመጣሉ። እንግዶቹ እነሱ ናቸው። መድረኩን የሚመራውም፣ ዕድል የሚሰጠውም ከማኅበሩ የሆነ ጋዜጠኛ ነው። እርግጥ እዚያም ቢሆን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቀረም። ልዩነቱ ያንኑ ጥያቄ መልሶ የሚያነሳ ሰው ዕድል ማግኘቱ ነው። ሽሽቱ በአደባባይ ይታያል።

አንዳንዴ ደግሞ ቃል አቀባዩ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1983 የዋይት ሐውሱ ላሪ ስፒክስ አሜሪካ ግሬናዳን ልትወር ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ሄዶ የብሔራዊ ደኅንነት ሰዎችን ሲጠይቅ «የማይመስል ነገር» አሉት። ያንኑ ለጋዜጠኞች አቀበለ። በማግስቱ ወታደሮቹ ደሴቲቱ ላይ ወረዱ። በዚህ ጉዳይ ሌስ ጃንካ የተባለው ምክትሉ ሥራውን ለቀቀ። ስለዚህ «ይህን ማን ነገረዎት? እርስዎስ ስብሰባው ላይ ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም ከዋናው ጥያቄ በፊት ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ችግሩ ሁሉም ለየራሱ ካሜራ መጠየቁ ነው። ተራው ሲደርሰው የባልደረባውን ያልተመለሰ ጥያቄ ትቶ የራሱን ያነሳል። ለዝለላው የሚመቸው ይሄ ነው። «ቀደም ሲል ለተጠየቀው መልስ አልሰጡም፤ እሱን ይመልሱልን» ማለት የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። አርታኢውም «ስለ በጀቱ ተጠይቀው ሳይመልሱ አልፈዋል» የምትለዋን መስመር ከዜናው ላይ አይቁረጣት።

«አጉል ጠያቂ ከተባልኩ በሚቀጥለው አልጠራም» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ከግብዣ መሰረዝ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ መውጣት ያለ ነው። አንድን ሰው ማስወጣት ቀላል ነው። አዳራሹ ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግም ግን መግለጫውን ለማን ሊሰጡ ነው?