ይሄ ሁሉ ዓመት ለብጉር?

ካሁን በኋላ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት «ጋፕ ይር» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ከዲግሪ በኋላ ሜዲካል ስኩል ሳልገባ የምቆይበት ዓመት ማለቴ ነው። በቃ። ከዛሬው ክርስትና በኋላ ጨርሻለሁ።

እትዬ እንትና ናቸው፣ ታውቋቸዋላችሁ። ዶሮ ወጡን እያወጡ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፦

«ታዲያ ዶክተር ሆንሽልን?»

«ገና ነኝ እትዬ። ሁለት ዓመት ጋፕ ይር ወስጄ ላቦራቶሪ ውስጥ እየሠራሁ ነው፣ ከዛ ሜዲካል ስኩል አመለክታለሁ።»

«ውይ፣ እቤት ነሽ በይኛ!»

«እቤት አይደለሁም፣ እየሠራሁ ነው።»

«እሺ፣ የምን ሐኪም ልትሆኚ ነው?»

«የቆዳ።»

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። «ይሄ ሁሉ ዓመት ለብጉር?»

ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። እናቴ ራሷ! አፏን በነጠላዋ ሸፈነች እንጂ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይሄ አልበቃ ብሏቸው የእህታቸውን ልጅ አመጡብኝ። ጎንደር ተምሮ በኔ ዕድሜ ሰው እያከመ ነው አሉ። እሰይ፣ ጎበዝ ነው። ግን እዛ ዲግሪ ሳይቀድም ነው ሕክምና የሚገባው፣ እዚህ አሜሪካ መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ ያዢ ይሉሻል። ደግሞ ልጁን ደመወዙን ጠይቀውት ያውቃሉ? በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው «ደመወዛችን አያኖረንም» ብሎ ሥራ ሲያቆም ስንቱ እንደታሰረ እትዬ አልሰሙም መሰለኝ።

ቆይ፣ ዋናው አልመጣም። ሰሃን ላጥብ ኩሽና ስገባ ተከትለውኝ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ይቺን እዪልኝ»። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ቆዳው ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥር ይታያል። ምን ይቀባሉ ብል ከቦርሳቸው «ፊት የሚያጠራ» ክሬም አወጡ። ጀርባውን ሳነበው ክሎቤታሶል! ፊት ላይ እንዲህ ዝም ብሎ የማይቀባ ኃይለኛ ስቴሮይድ። የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ አልኳቸው። «ቀጠሮ የሰጡኝ ከ4 ወር በኋላ ነው!» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። ለብጉር ነው አላሉም ነበር እንዴ?

እኔ እኮ ቶሎ መግባት ጠልቼ አይደለም። በፊት ስቴፕ ዋን የሚባለው የሜዲካል ተማሪዎች ፈተና ነጥብ ነበረው፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ጥሩ ነጥብ አምጥቶ በር ያስከፍት ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ አለፈ ወይ ወደቀ ብቻ ሆነ። ታዲያ ደርም (የቆዳ)፣ ኦርቶ (የአጥንት)፣ ኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና) የሚፈልግ ሰው በምን ይለይ? በቀጣዩ ፈተና በስቴፕ ቱ ነጥብና በምርምር ጽሑፍ። ጽሑፍ በቀላሉ የሚያገኘው ደግሞ ማን ነው? አባቱ የቆዳ ሐኪም የሆነው። የኔ አባት ኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ከሱ ጋር ምን ልጽፍ ነው? ስለዚህ ሜዲካል ስኩል ሳልገባ ምርምሩን ካሁኑ ልጀምር አልኩ። አማካሪዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የሜዲካል ስኩል ኢንተርቪው ላይ ደርም እንዳትዪ፣ ገንዘብ አሳዳጅ ትመስያለሽ።» ዓመታት ቀድመሽ አቅጂ፣ ግን እንዳቀድሽ ማንም አይወቅብሽ። ኧረ በእናታችሁ!

ላቦራቶሪውም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ቱቦ ላይ ስቲከር እየለጠፍኩ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሆነ ፍሪዘር ውስጥ ስደረድር እውላለሁ፣ ጣቴ ይደነዝዛል። ባለፈው የምርምራችን ፖስተር ሲወጣ ደግሞ የአባቴን ስም አበላሽተው ጽፈውታል። የማላውቃት ሴትዮ ናት ደራሲዋ። ተውኩት። ማታ ለኤምካት ማጥናት፣ 7 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና፣ እናቴም በየ20 ደቂቃው «ብርሃኑን አጥፊና ተኚ»።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ብድሩ ነው። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር የለም። ለሕክምና ተማሪ የመንግሥት ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላ 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል፣ ብዙ የግል ሜዲካል ስኩል ደግሞ ከዛ በላይ ነው። ከዲግሪው በቀጥታ ብገባ ኖሮ በአሮጌው ሕግ ጀምሬ ነበር። ምርምር ሥሪ፣ ቆይ ያለኝ ሲስተሙ፣ ቆይቼ ስመጣ በሩን የዘጋብኝም ያው ሲስተሙ። ይሄን እኔ ለእትዬ በዶሮ ወጥ መሀል እንዴት ብዬ ላስረዳ?

«መቼ ነው የምትጨርሺው?» ለምትሉኝ ሁሉ፦ ከኦገስት 2027 ጀምሮ፣ ያውም ከገባሁ፣ 4 ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ 1 ዓመት ኢንተርን (ጀማሪ ሐኪም)፣ 3 ዓመት ደርም። ደምሩት። እኔ ነገ ሥራ ገቢ ነኝ፣ ልተኛበት።