ኪንሎክን ሀብታም ያድነው? ሀብታም አይደል እንዴ የሰራው

ስኮትላንድ ውስጥ ረም የምትባል ዝናብ የማይለያት ደሴት አለች፣ እሷ ላይ ኪንሎክ የሚባል የቀይ ድንጋይ ካስል አለ፣ ባዶውን ነው፣ እየበሰበሰ ነው። ዜናው በወጣ ቁጥር «አንድ ሚሊየነር ገዝቶ ያድነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ይሄ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል።

ቤቱን ያሰራው ጆርጅ ቡሎ ነው፣ አባቱ እንግሊዝ አገር ላንክሻየር ውስጥ በጨርቃጨርቅ ማሽን ያካበተውን ብር የወረሰ ልጅ። ከ1897 እስከ 1900 (በፈረንጆቹ ነው) ከእንግሊዟ ከተማ ሃሊፋክስ ሊሚንግ ኤንድ ሊሚንግ የሚባሉ አርክቴክቶች አስመጥቶ አሰራው፣ ድንጋዩ በመርከብ፣ የጓሮው አፈር ሳይቀር በመርከብ፣ ወንዝ ተገድቦ መብራት ገባለት። ሻወሩ ራሱ ጉድ ነው፣ ገንዳው ጫፍ ላይ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ የእንጨት ከለላ አለ፣ እዛ ገብተህ ቁልፎቹን ስታዞር ውሃው ከላይም ከጎንም ከታችም ይረጭሃል። ደረጃው ስር ደሞ እንደ ሙሉ ባንድ ብቻውን የሚጫወት የሙዚቃ ማሽን አለ። ይሄ ሁሉ ለምን ካላችሁ፣ በዓመት ለጥቂት ሳምንት አጋዘን ሊያድኑ ለሚመጡ እንግዶች! (ሰውየው የደሴቷ ስም ረም የሚባለውን መጠጥ እንዳይመስል ብሎ አንድ ፊደል ጨመረበት ይባላል፣ ሥራ መፍታት ነው።)

ደሴቷ ለአደን የተመቸችው ደሞ ሰው ብዙም ስላልነበረባት ነው፣ በ1826 ገደማ 300 የሚሆኑ ነዋሪዎች ቦታው ለበግ ይፈለጋል ተብለው ወደ ካናዳ ተጭነዋል። ባለቤቱ ይወስናል፣ ኗሪው ይነቀላል።

በ1957 የቡሎ ሚስት ሌዲ ሞኒካ ደሴቷን ለመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ23,000 ፓውንድ ሸጠችው፣ ቤቱ ከነዕቃው አብሮ ሄደ። መንግሥት የፈለገው ተራራውንና ወፉን ነበር፣ ካስሉ ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደሞ ማን ይጠግናል? እስከ 2013 ሆስቴል ሆኖ ሰራ፣ ከዛ ተዘጋ። በኋላ አንድ ባለሀብት ሊገዛው ተቃርቦ ነበር፣ ነዋሪዎቹ ስጋታቸውን ሲያነሱ ጉዳዩ ተይዞ ቆየ፣ ሰውየው በ2023 ተወው፣ ያኔ «የራሳቸውን እድል ገፉ» ብሎ የሳቀባቸው ነበር።

ምን ገፉ? ዛሬ እዛ የሚኖሩት ጥቂት አስር ሰዎች ናቸው፣ የመንደሩን መሬት ራሳቸው የያዙት ገና በ2009 እና 2010 ነው፣ ቤቱ ደሞ መሀላቸው ነው የቆመው። ማን ይግዛው የሚለው ላይ እነሱ ሳይስማሙ ባይሸጥ ነው የሚሻለው። እስከዛው ግን ስልሳ ምናምን ዓመት ባለቤት የነበረው መንግሥት አሸንዳውንና ጣሪያውን በራሱ ወጪ ይጠግን፣ ገዢ ፍለጋው ከዛ በኋላ ይደርሳል።