የክብደት ቅነሳ በጀት የሚጀምረው ሚዛኑ መውረድ ሲያቆም ነው

ክብደት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ወጪውን የሚያሰላው የቤት ዕድሳት እንደሚያሰላ ሰው ነው፤ ይህን ያህል አወጣለሁ፣ ስድስት ወር እጨክናለሁ፣ ከዚያ ያልቃል። እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። የዓመት የጂም ክፍያ በአንዴ ከፈልኩ፣ የምግብ መመዘኛ ገዛሁ፣ ጫማ ቀየርኩ፣ ከድምሩ ሥር ሁለት መስመር አሰመርኩ። ክብደቱ በእርግጥም ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ወጪ ግን ከሁለቱ መስመሮች በታች ስለነበር ምንም አላዘጋጀሁለትም። እሱን መክፈል ስተው ኪሎው አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ወዲህ አንድ አቋም ይዣለሁ። አንድ የክብደት መቀነሻ መንገድ ውድ ይሁን ርካሽ የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ አይነግረንም። መጠየቅ ያለበት ሠላሳ ሰባተኛው ወር ነው። ሦስት ዓመት አልፎ፣ ሰው ሁሉ «አምሮብሃል» ማለቱን ትቶ፣ ሚዛኑ ላይ አዲስ ነገር መታየት ካቆመ በኋላ ያንን ገንዘብ ማውጣት እችላለሁ ወይ? መልሱ «አልችልም» ከሆነ፣ መግቢያው በነፃ ቢሆን እንኳ መንገዱ ውድ ነው።

ይህን የምለው ሰው ሰነፍ ነው ብዬ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ የምግብ ፍላጎቱ በቀን በ100 ካሎሪ ገደማ እንደሚጨምር አስልተዋል። ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይልም ይቀንሳል፤ የፍላጎቱ ጭማሪ ግን ከዚህ ቅናሽ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው ከበፊቱ ይልቅ አብዝቶ ከሚራብ አካል ጋር ነው የሚኖረው። ያንን ረሃብ በየቀኑ የሚመልስለት ነገር ያስፈልገዋል፤ መድኃኒት፣ ወይም የሚያጠግብ ምግብ፣ ወይም ለራሱ የሚሰጠው ሰዓት። ሦስቱም ያስወጣሉ።

ነገሩ አፍጥጦ የሚታየው በየሳምንቱ በሚወሰዱት መርፌዎች ላይ ነው። ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለክብደት ሕክምና ተፈቀደ። ከጀርባው የነበረው ትልቅ ጥናት ተሳታፊዎቹ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህሉን እንደቀነሱ አሳየ። ይህን ሁሉም ሰምቷል። የጥናቱ ቀጣይ ክፍል ግን ያን ያህል አልተወራለትም፤ መርፌውም የአኗኗር ምክሩም ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ሰዎቹ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይላል። የደም ግፊት ኪኒን ያቆመ ሰው ግፊቱ ቢመለስበት ኪኒኑን የሚወቅስ የለም፤ መርፌው ላይ ሲሆን ፍርዳችን ለምን እንደሚለወጥ አይገባኝም። ለበጀት ግን እንደ ቤት ኪራይ ቢታይ ይሻላል። ሳይከፈል የቀረ ወር አለ ማለት ዕቃ ማውጣት አለ ማለት ነው።

የኪራዩም መጠን ከመጀመሪያው ወር አይታወቅም። በዌጎቪ መርፌ ታካሚው በሳምንት በ0.25 ሚሊግራም ይጀምርና በየአራት ሳምንቱ ከፍ እያለ ወደ 2.4 ሚሊግራም ይወጣል፤ አራት ወር ያህል መሆኑ ነው። ዋጋው ከመጠኑ ጋር በሚጨምርበት ቦታ የመጀመሪያውን ደረሰኝ በ12 አባዝቶ የዓመት በጀት የሠራ ሰው ገና ከጅምሩ ተሳስቷል። ገንዘብ አጥሮት ለሳምንታት ያቋረጠውን ደግሞ ሐኪሙ ከታችኛው መጠን እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል። አንዴ የወጣውን ዳገት ደግሞ እየከፈለ ይወጣል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቢያንስ የሦስት ወር መጠባበቂያ ገንዘብ ለብቻው ያላስቀመጠ ሰው መርፌ ባይጀምር እመርጣለሁ። ወር ሲጎድል ሰው ርካሽ ሻጭ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ይገባል፤ አደጋው እዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ፣ ማለትም ለስኳር ሕመም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ ሐሰተኛ ቅጂ፣ እንደተገኘ ገልጿል። በሐሰተኛ መርፌ የተቆጠበ ገንዘብ ሆስፒታል ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

የጨጓራ ቀዶ ሕክምናን አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አድርገው የሚያስቡም አሉ። ከቀዶው በኋላ ቫይታሚንና ማዕድን፣ በተለይ ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም፣ ዕድሜ ልክ ይከተላል፤ የደም ምርመራም በየጊዜው አለ። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው የተንጠለጠለ ቆዳውን ማስወገድ ቢፈልግ ያ ሌላ ቀዶ ነው፤ መድን ሰጪዎችም ብዙ ጊዜ «ይህ ለውበት ነው» ብለው ይመልሱታል።

ወደ ጂሙ ልመለስ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ የዓመት ውል የሚፈረመው ደግሞ ሰው ልቡ በሞቀበት ሰዓት ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ የጂም አባላትን መዝገብ አገላብጠው ነበር። በወር ቁርጥ ክፍያ የፈረሙት ሰዎች የሚመጡት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአሥር ጊዜ ትኬት ገዝተው ቢሆን በየጉብኝቱ የሚወጣባቸው በጣም ያነሰ ነበር። ይህን ሳነብ የራሴን የመግቢያ ካርድ አስታወስኩ፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩበት አልናገርም። ሦስት ወር ሳያቋርጥ በየጉብኝቱ በሚከፈል ትኬት ያልሄደ ሰው የዓመት ውል ባይፈርም ምን ይጎዳል?

ስለ ልብስ የሚጽፍ የለም፤ ሰው ልብስ መጥበቡን እንጂ መስፋቱን እንደ ወጪ አይቆጥረውም። እኔ መጀመሪያ ቀበቶዬ ላይ በምስማር ቀዳዳ ጨመርኩ፤ ከዚያ ሌላ ጨመርኩ። ሱሪው ከወገብ በታች እንደ መጋረጃ መሸብሸብ ሲጀምር በደስታ ሙሉ ልብስ ገዛሁ፤ እሱም በሁለት ወር ሰፋኝ። አሁን ብሆን ክብደቱ ገና በመውረድ ላይ እያለ ሁለት ሱሪ ብቻ እይዛለሁ፣ የቀረውን ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስጠብባለሁ፣ ዋናውን ግዢ ኪሎው ስድስት ወር አንድ ቦታ ከቆመ በኋላ አደርጋለሁ። የድሮውንም ልብስ በሙሉ አልሰጥም ነበር። «ከሰጠኸው አትመለስም» የሚል ምክር ሰምቼ ሁሉንም ሰጠሁ፤ ተመለስኩና እንደገና ገዛሁ።

ምግብ ላይ ሒሳቡ ሁለት ፊት አለው። ትንሽ የሚበላ ሰው ትንሽ ይገዛል፤ ከመደበኛው ሰዓት ውጪ የሚበላውና የሚጠጣው ጣፋጭ ሲቀር የሚተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ረሃብን የሚያስታግሰው ፕሮቲንና አትክልት ከስኳርና ከዘይት ይልቅ ለአንድ ካሎሪ የሚያስወጣው ይበልጣል። ከሁለቱ በላይ ቤትን የሚያቃውሰው ግን ሁለት ድስት መጣዱ ነው፤ አንዱ ለሚቀንሰው ሰው፣ አንዱ ለቀረው ቤተሰብ። ገበያው ሁለት፣ ማገዶው ሁለት፣ የሚጣለው ትራፊ ሁለት ይሆናል። የሁለት ድስት ኑሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘልቅ አላየሁም። ቤተሰቡ ሁሉ ሊበላው የሚችል አንድ ድስት እስኪገኝ ድረስ ያለው ጊዜ ከገንዘቡ የበለጠ ያስከፍላል፤ በተለይ የምታበስለው ሌላ ሰው ከሆነች። ድካሟ በበጀቱ ውስጥ የትም አይጻፍም።

የሚመለስ ገንዘብም አለ። ክብደቱ ሲወርድ ሐኪም የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ፤ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ መቀነስ ግን አይገባም። ይህን ቁጠባ በጀት ላይ የምጽፈው በእጄ ሲገባ ነው፤ በተስፋ ላይ ተመርኩዞ መርፌ የጀመረ ሰው አይቻለሁ።

እኔ ሁለተኛ ስነሳ የመረጥኩት መንገድ ለዓይን የማይሞላ ነው። በእግሬ እሄዳለሁ፣ ቤት ውስጥ ሁለት የብረት ክብደት አሉኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ምርመራ አደርጋለሁ፣ ድስታችን አንድ ነው። በቤታችን የወጪ ደብተር ላይ ይህ ሁሉ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ወጥቶ «ሕክምና» ከሚለው ሥር ገብቷል። ለውጡ የባለቤቴ ሐሳብ ነበር፤ «ልዩ ልዩ» ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዝ መሆኑን ከእኔ ቀድማ አይታለች። ባለፈው ወር እጃችን አጠረና ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። ከ«ልዩ ልዩ» ሦስት ነገር ሰረዝን፣ የስልኬን ጥቅል ቀነስን፣ «ሕክምና» የሚለውን አልፈነው ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥን።