ጽዋው ሲከብድ

እናቴ ባለፈው ጥር 21፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ የጽዋ ማኅበር ተረኛ ነበረች። ደብረ ብርሃን በጥር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ብርዱ አልነበረም። ጌሾ፣ ብቅል፣ ዘይት፣ በርበሬ እያለች በጣቷ ትቆጥራለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ብሩን ታያለች፤ መልሳ ትቋጥረዋለች። ታናሽ ወንድሜ ከፋብሪካ ሥራ ተቀንሶ ቤት ከዋለ አራት ወር ሆኖታል። በመጨረሻ «በጊቱን እሸጣለሁ» አለች። ያለችን እሷው ነበረች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር መቶውን ተሻግሮ ሄዷል። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ዘይት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደግመውም።

በችግር ጊዜ እምነትና ቤተሰብ ሰውን ያቆማል ይባላል። ልክ ነው። ግን ሁለቱም ወጪ አላቸው፤ እኛን ሸዌዎችን ደግሞ ይሉኝታ ይገለናል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በየወሩ በቴሌብር ትልክልናለች። 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዘመድ ሁሉ የደላው ይመስለናል። እሷ ግን የቤት ኪራይ ከፍላ የሚተርፋት ስለሌለ፣ በአውቶቡስ የምንሰድላትን በሶና ሽሮ ትጠብቃለች። ማን ማንን እየረዳ እንደሆነ እኔም ግራ ይገባኛል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ወሬውን ሰምተው ቤታችን መጡ። «እህቴ፣ ቂጣም ቢሆን እንጸልይበታለን። በጊቱን ተያት» አሏት። አንድ አባል «አሞኛል» እያለ ሦስት ወር መቅረቱንም ያነሱት ያን ጊዜ ነው። ለካ ሰውዬው በሽታው ተራው መድረሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚሸሸው ሊደርስለት ከሚችለው ማኅበር ከሆነ፣ ድግሱ ጽዋውን በልቶታል ማለት ነው። «እግዜር ያውቃል» ብሎ ዝም ማለትም አይበቃም። ማኅበራችን ራሱ ደንብ ያውጣ፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ፤ ከዚያ በላይ ያለው ባለጸጋም ቢሆን አይጨምር። አንዱ ወጥ ካቀረበ ቀጣዩ ይበደራላ!

ጥር 21 ቤታችን የቀረበው ይኸው ነበር። ያ ሦስት ወር የቀረው ሰውዬም መጣ። ቆሎውን ሁለቴ አስጨመረ። ማታ ሲወጣ የየካቲትን ጽዋ የተረከበው እሱ ነው።